ሙቀት፣ እርጥበትና የዕፅዋት ቃጫ ኮምፖዚት፦ በወሎ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሲሳልን፣ ጥጥን፣ የሙዝ ግንድ ቃጫንና የጤፍ ጭድን ከሬዚን (ፈሳሽ ሆኖ ገብቶ ከሚደነድን ማያያዣ) ወይም ከፕላስቲክ ጋር አዋሕደው ኮርኒስ፣ ሰሌዳ፣ የባጃጅ ክፍል ወይም የቤት ዕቃ ለመሥራት የሚያስቡ ወርክሾፖች፣ ተማሪዎችና አናጢዎች አብዝተው የሚጠይቁት ስለ ጥንካሬ ሳይሆን ስለ ዕድሜ ነው። ዕቃው አዲስ ሳለ ጠንካራ መሆኑን ሁሉም በእጁ ሞክሮ አይቶታል፤ የሚያሳስበው ሁለትና ሦስት ክረምት ካለፈበት በኋላ ምን እንደሚሆን ነው። መልሶቹ የደሴን፣ የኮምቦልቻን፣ የባቲንና የአካባቢያቸውን የአየር ጠባይ ታሳቢ አድርገው የተጻፉ ናቸው።

ኮምፖዚት ሲባል በትክክል ምን ማለት ነው?

ባሕርያቸው የተለያየ ሁለት ነገሮች አንዱ በሌላው ሳይሟሟ ተጣብቀው፣ አንዱ የሌላውን ጉድለት የሚሸፍንበት ቁስ ነው። ቃጫው ሸክሙን ይሸከማል፤ ማያያዣው፣ ማለትም ሬዚኑ፣ ፕላስቲኩ ወይም ሲሚንቶው፣ ቃጫዎቹን በቦታቸው ይይዛል፣ ሸክሙን ከአንዱ ወደ ሌላው ያስተላልፋል፣ ከውጭ ከሚመጣ ጉዳትም ይከልላቸዋል። ጭድ የገባበት የጭቃ ምርጊት የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው። ፋይበር ግላስ የምንለውም እንዲሁ ነው፤ በእርሱ ውስጥ ያለው ቃጫ ግን ከመስታወት የተሠራ በመሆኑ ውኃ አይጠጣም። የዕፅዋት ቃጫ ይጠጣል፤ ከዚህ በታች የሚነሣው ችግር ሁሉ ከዚህ ልዩነት የሚመነጭ ነው።

ቃጫው በሬዚን ተሸፍኖ ሳለ ውኃው ከየት ይገባል?

የዕፅዋት ቃጫ በዋነኛነት ከሴሉሎስ፣ ከሄሚሴሉሎስና ከሊግኒን የተሠራ ነው። ሴሉሎስና ሄሚሴሉሎስ ሃይድሮክሲል የተባሉ ውኃ ሳቢ የኬሚካል ክፍሎች በብዛት ስላሏቸው፣ ዝናብ ይቅርና በአየር ላይ ያለውን ተን እንኳ ይሰበስባሉ፤ ከሁሉም ይበልጥ ውኃ የሚወድደው ሄሚሴሉሎስ ነው። በጨርቃ ጨርቅ ንግድ ውስጥ ጥጥ ሲመዘን ከደረቅ ክብደቱ 8.5 በመቶ፣ የተልባ ቃጫ 12 በመቶ፣ ጁት (የጆንያ ቃጫ) ደግሞ 13.75 በመቶ እርጥበት እንዳለው ተደርጎ የሚታሰበው በዚህ ምክንያት ነው። ሲሳልም ከእነዚህ ብዙ አይርቅም፤ ደረቅ ነው ብለን መደርደሪያ ላይ ያስቀመጥነው ሲሳል ከክብደቱ አንድ አሥረኛ ያህሉ ውኃ ነው።

ቃጫው በሬዚን ከታሸገ በኋላ ውኃው በሦስት መንገድ ይደርስበታል። አንደኛው ዘገምተኛው መንገድ ነው፤ የውኃ ሞለኪውሎች በሬዚኑ አካል ውስጥ ቀስ እያሉ ይሰርጋሉ፤ ፍጹም ውኃ የማያስገባ ሬዚን የለም። ሁለተኛው በሥራ ጊዜ በቀሩ የአየር ፊኛዎችና በጥቃቅን ስንጥቆች በኩል ነው። ሦስተኛው፣ ከሁሉም የሚከፋው፣ ቃጫውና ሬዚኑ በሚገናኙበት ወለል ላይ በሚገኝ ክፍተት በኩል ሽቅብ ተስቦ መሄድ ነው። ይህ መንገድ የሚከፈተው ሰሌዳው በመጋዝ በተቆረጠበት ጠርዝ፣ በተበሳበት ቀዳዳና ሚስማር በገባበት ቦታ ሁሉ ነው።

ይህን በዓይን ለማየት የሚፈልግ ሰው ከሰሌዳው መዳፍ የሚያህል ቁራጭ ወስዶ፣ የተቆረጠውን ጠርዝ ሰማያዊ የብዕር ቀለም በተጨመረበት፣ ጥልቀቱ ጣት በማያህል ውኃ ውስጥ አቁሞ ያሳድረው። በማግስቱ ሰፊው ገጽ እንዳለ ነው፤ ጠርዙን በምላጭ ቀረፍ አድርጎ ለሚመለከት ግን ሰማያዊ ክሮች ቃጫውን እየተከተሉ ከውኃው ከፍታ በላይ ወጥተው ይታያሉ። ክሮቹ የበዙበት ሰሌዳ ቃጫና ሬዚኑ በደንብ አልተያያዙም። ብዙ ሰው ሰፊውን ገጽ ደጋግሞ ቫርኒሽ ይቀባና ጠርዙን እንደተጋዘ ይተወዋል፤ በእኛ እምነት ባለው ገንዘብ አንድ ነገር ብቻ ማሸግ የሚችል ሰው ማሸግ ያለበት ጠርዙን ነው።

ውኃ የጠጣ ሰሌዳ ሲደርቅ ወደ ነበረበት ይመለሳል?

በከፊል። ይህ ጥያቄ ዘርዘር ያለ መልስ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም «ደርቋል» የሚለው ቃል ብዙ ሰው ያዘናጋል።

ቃጫ ውኃ ሲጠጣ በርዝመቱ እምብዛም አይለወጥም፤ በወርዱ ግን ያብጣል። በዙሪያው ያለው ሬዚን የዚያን ያህል ስለማያብጥ ቃጫው ከውስጥ ሆኖ ይገፋዋል፤ ግፊቱ ሲበረታ በሬዚኑ ላይ በዓይን የማይታዩ ስንጥቆች ይፈጠራሉ። ሲደርቅ ደግሞ ቃጫው ተመልሶ ይከሳል፤ የተገፋው ሬዚን ግን አብሮት አይመለስም። በሁለቱ መካከል ቀድሞ ያልነበረ ክፍተት ይቀራል። በሚቀጥለው ዝናብ ውኃው ከላይ የጠቀስነውን ዘገምተኛ መንገድ ትቶ በዚህ ክፍተት ይገባል። ስለዚህ ሁለተኛው መራስ ከመጀመሪያው ይፈጥናል፣ ሦስተኛውም ከሁለተኛው።

ወደ ነበረበት የሚመለሰው ግትርነቱ ነው፤ እርሱም ሙሉ በሙሉ አይደለም። እርጥብ ሰሌዳ ለስልሶ ይለመጣል፤ ሲደርቅ አብዛኛውን ግትርነቱን መልሶ ያገኛል። ያልተመለሰው የቃጫና የሬዚኑ ትስስር ነው፤ የሰሌዳው ጥንካሬ ደግሞ በዚህ ትስስር ላይ የቆመ ነው። ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። ውኃ የጠጣ ሰሌዳ በመዶሻ ሲመታ አንዳንድ ጊዜ ከደረቁ ይልቅ ድንጋጤን ይችላል፤ ውኃው ቁሱን ስላለሰለሰው ነው። ይህን አይቶ «ውኃ አጠነከረው» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ያው ሰሌዳ በሁለት ድጋፍ ላይ አግድም ተቀምጦ ሸክም ሲጫንበት ግን ቶሎ ይረግባል።

ሰሌዳው የተዘፈዘፈበት ውኃ ቡናማ ቀለም ካወጣ ደግሞ ከቃጫው ውስጥ ሟሚ ነገሮች እየወጡ ነው ማለት ነው። ይህ በማድረቅ አይመለስም።

ሙቀት ብቻውን ምን ያደርጋል?

ዕቃው ሲሠራ የሚያገኘውን ሙቀትና ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ የሚያገኘውን ሙቀት ለይቶ ማየት ያስፈልጋል።

በሥራ ጊዜ ገደቡ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው ብሎ መያዝ ይበቃል። ሄሚሴሉሎስ ከ220 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ በፍጥነት ይፈርሳል፤ ሴሉሎስ እስከ 315 ዲግሪ አካባቢ ይታገሣል፤ ሊግኒን ግን ከ160 ዲግሪ አንሥቶ ቀስ እያለ መፍረስ ይጀምራል። ቃጫው ቡናማ እየሆነ የተቃጠለ ስኳር ሽታ ሲያወጣ ጥንካሬው መሄድ ጀምሯል።

ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ግን ቀድሞ የሚደክመው ቃጫው ሳይሆን ሬዚኑ ነው። እያንዳንዱ ሬዚን ከመስታወታማ ግትርነት ወደ ጎማማ ልስላሴ የሚሻገርበት የሙቀት ደረጃ አለው። ያለ ተጨማሪ ማሞቂያ በክፍል ሙቀት ብቻ የደረቀ ኢፖክሲ የተባለው ሬዚን ይህ ደረጃው ብዙ ጊዜ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ አካባቢ ነው። ይህ ከፍ ያለ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን በኮምቦልቻ ወይም በከሚሴ የቀትር ፀሐይ የዋለ የጠቆረ ቆርቆሮ እስከ 60 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሊግል ይችላል፤ ከሥሩ በቅርብ የተሰቀለ ኮርኒስም የዚህን ሙቀት ድርሻ ይቀበላል። በዚህ ሁኔታ ሰሌዳው በራሱ ክብደት በሚስማሮቹ መካከል ቀስ በቀስ ይረግባል፤ ሲበርድም የረገበው እንደረገበ ይቀራል። መፍትሔው ሬዚኑ ከጠነከረ በኋላ በ80 ዲግሪ አካባቢ ለጥቂት ሰዓታት በምድጃ ማሞቅ ነው፤ ይህም የመለስለሻ ደረጃውን ከፍ ያደርገዋል። በደሴ በክረምት ቅዝቃዜ የተሠራ ዕቃ ይህ በእጅጉ ያስፈልገዋል፤ በብርድ የሚደርቅ ሬዚን የላዩ ቢደነድንም የውስጡ ኬሚካላዊ ሥራ ሳያልቅ ይቀራልና።

ከሃይላንድ ጠርሙስ ወይም ከጀሪካን ጋር ሲሳል ቀላቅሎ ማቅለጥ ይቻላል?

ከጀሪካን ጋር ይቻላል፤ ከሃይላንድ ጋር አይመከርም። የውኃ ጠርሙሱ የሚሠራበት ፔት የሚቀልጠው በ250 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ እስኪቀልጥ ድረስ ቃጫው ይከስላል። ጀሪካን የሚሠራበት ፖሊኤቲሊን በ130 ዲግሪ ገደማ፣ ፖሊፕሮፒሊን ደግሞ ከ160 እስከ 165 ዲግሪ ባለው ውስጥ ይቀልጣሉ። ሆኖም ሁለቱም ውኃን የሚሸሹ ቅባታማ ፕላስቲኮች ስለሆኑ ውኃ ወዳዱን ቃጫ በራሳቸው አይጨብጡትም፤ ሁለቱን የሚያስታርቅ ማሌይክ አንሃይድራይድ የተቀጠለበት ፕላስቲክ በትንሹ ካልተጨመረ፣ ከላይ ያነሣነው ክፍተት ዕቃው ከቅርጽ ማውጫው ሲወጣ ጀምሮ አለ ማለት ነው።

ቃጫው ሳይደርቅ ከገባ ውኃው በሙቀቱ ተንኖ ፊኛ ይሠራል። ቆርቆሮ ላይ አስጥቶ ማድረቅ ለገመድ ሥራ ይበቃል፤ ለዚህ ግን አይበቃም። ከ80 እስከ 105 ዲግሪ ባለው ምድጃ ለጥቂት ሰዓታት ማድረቅና ወዲያው መጠቀም ያስፈልጋል፤ በሐምሌ አየር ላይ ተዘርግቶ የዋለ ቃጫ ሲመሽ እንደገና እርጥብ ነው።

ሙቀትና እርጥበት አንድ ላይ ሲመጡስ?

ያን ጊዜ አንዱ የሌላውን ጉዳት ያባብሳል። ሙቀት ሲጨምር ውኃው ወደ ውስጥ የሚሰርግበት ፍጥነት ይጨምራል፤ ሰሌዳው በመጨረሻ የሚይዘው የውኃ መጠን ብዙ ላይለወጥ ይችላል፤ እዚያ የሚደርስበት ጊዜ ግን ያጥራል። የገባው ውኃ በበኩሉ ሬዚኑን ስለሚያለሰልሰው የመለስለሻ ደረጃው ይወርዳል፤ ደረቅ ሳለ በ60 ዲግሪ የሚለሰልስ ሬዚን ውኃ ከጠጣ በኋላ ከዚያ በታች ይለሰልሳል። በሦስተኛ ደረጃ፣ ፖሊስተር ሬዚንና ፒኤልኤ የተባለው ከዕፅዋት የሚሠራ ፕላስቲክ በሙቅ ውኃ ውስጥ ኬሚካላዊ ሰንሰለታቸው ይበጠሳል። ይህ ጉዳት በማድረቅ የማይድን ነው፤ በቀዝቃዛ ውኃ ዓመታት የሚፈጀው በሙቅ ውኃ ሳምንታት ሊበቁት ይችላሉ።

የወሎ አየር ጠባይ ለዚህ ቁስ ከባድ ነው? ቆላው ይከፋል ወይስ ደጋው?

የብዙ ሰው ግምት እርጥቡ ደሴ ይከፋል፣ ደረቁ ባቲ ይሻላል የሚል ነው። ውኃ የጠጣ ሰሌዳ ስለ መድረቁ ከላይ በሰጠነው መልስ መሠረት ግን ዋናው ጠላት እርጥበቱ ብቻ ሳይሆን የመራስና የመድረቅ መፈራረቁ ነው፤ በዚህ ረገድ ወሎ የራሱ የሆነ ጠባይ አለው። ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም ከሚዘንበው ክረምት በተጨማሪ፣ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ በልግ የሚዘንብበት አካባቢ ሰፊ ነው። በመካከላቸው ደረቁ በጋ አለ፤ በበልግና በክረምት መካከልም ሞቃቱ ግንቦት አለ። ደጅ ላይ የተተወ ሰሌዳ ስለዚህ በዓመት አንድ ጊዜ ሳይሆን ሁለት ጊዜ ሙሉ በሙሉ ይርሳል፣ ሁለት ጊዜ ይደርቃል። በዚህ ላይ የሌሊት ጤዛና የቀን ፀሐይ በየዕለቱ የሚያመላልሱት ትንንሽ ዑደት አለ።

ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ የሚገባ ሰው ልዩነቱን በሰውነቱ ያውቀዋል፤ ሰሌዳውም ያውቀዋል። በደጋው አየሩ ስለሚቀዘቅዝ ውኃው የሚሰርገው በዝግታ ነው፤ የገባው ውኃ ግን ቶሎ አይወጣም፤ ስለዚህ በደሴ የሚያሳስበው ረዘም ያለ እርጥበትና ሻጋታ ነው። በቆላው፣ በባቲም ሆነ በቆቦ፣ ዝናቡ ያነሰ ቢሆንም የዘነበበት ሰሌዳ በማግስቱ ፀሐይ በፍጥነት ይደርቃል፤ ላዩ ደርቆ ውስጡ ሳይደርቅ ሲቀር በሁለቱ መካከል የሚፈጠረው መወጣጠር ስንጥቅን ያፋጥናል። ውርጭ በሚወርድባቸው ከፍተኛ ቦታዎች፣ በደላንታና በመቄት አምባዎች ላይ፣ በስንጥቁ ውስጥ ያደረ ውኃ ወደ በረዶ ሲለወጥ በይዘቱ 9 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር ሌላ ጉዳት ይመጣል።

መፈራረቅን ማስቀረት ምን ያህል እንደሚጠቅም ለማየት ላስታ ድረስ መሄድ ይበቃል። እንጨት ራሱ ሴሉሎስ በሊግኒን የተያያዘበት የተፈጥሮ ኮምፖዚት ነው። የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ከእንጨትና ከድንጋይ ንብርብር የታነጸው በትልቅ ዋሻ ውስጥ ስለሆነ ዝናብም ፀሐይም ሳያገኘው ከ800 ዓመታት በላይ ቆይቷል። ያው እንጨት በአጥር ላይ ቢቆም ስንት ክረምት እንደሚችል አንባቢው ያውቃል።

ከዚህ በመነሣት ለቤት ሠሪዎች የምንሰጠው ምክር ከኬሚካል በፊት ጣሪያን ማሰብ ነው። ወጣ ያለ ጣሪያ ከሁለት ዙር ቫርኒሽ ይበልጣል። በደጋው ቆርቆሮ በሌሊት ስለሚያልበውና ጠብታው ኮርኒሱ ላይ ስለሚወርድ፣ በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል አየር የሚያስተላልፍ ክፍተት መተው ያስፈልጋል።

ሰሌዳውን ማወፈር ይጠቅማል?

ጊዜ ይገዛል። ውኃ ሰሌዳውን ሰርጎ ለመሙላት የሚፈጅበት ጊዜ ከውፍረቱ ጋር ሳይሆን ከውፍረቱ ካሬ ጋር ስለሚሄድ፣ 3 ሚሊ ሜትር የነበረውን 6 ሚሊ ሜትር ማድረግ ጊዜውን ወደ አራት እጥፍ ያሳድገዋል። ይህ የሚሠራው ግን ጠርዙ ለታሸገና ስንጥቅ ለሌለበት ሰሌዳ ነው።

ቃጫውን በኮስቲክ ሶዳ ማጠብ ይረዳል?

ይረዳል፤ መጠኑን ለጠበቀ። ሶዳው ሰሙን፣ ፔክቲኑንና ከሄሚሴሉሎሱ ከፊሉን አስወግዶ የቃጫውን ገጽ ሸካራ ስለሚያደርገው ሬዚኑ የሚይዘው ነገር ያገኛል። በተለምዶ 5 በመቶ አካባቢ የሆነ ውሕድ ለጥቂት ሰዓታት ይበቃል። «ጠንከር ቢል ይሻላል» በማለት መጠኑን እጥፍ ማድረግ ሴሉሎሱን ራሱን ይጎዳል፤ ቃጫው ነጭና ለስላሳ ሆኖ ይወጣል፣ ሲጎተት ግን በቀላሉ ይበጠሳል። ከታጠበ በኋላ በንጹሕ ውኃ ደጋግሞ ማለቅለቅና በመጨረሻ ጥቂት አቼቶ በተጨመረበት ውኃ ማጥራት ያስፈልጋል፤ በቃጫው ላይ የቀረ ሶዳ በኋላ ውኃ ይስባል።

ሶዳውን ወደ ውኃው መጨመር እንጂ ውኃውን በሶዳው ላይ ማፍሰስ አይገባም፤ ይፈላና ይረጫል። ጓንትና የዓይን መከላከያ ግዴታ ናቸው። ያገለገለውን ውኃ ሳያጠሩ ወደ ቦርከና መልቀቅ ደግሞ ከወንዙ በታች ያሉትን ሰዎችና ከብቶች መበደል ነው።

ሶዳ የውኃ ጥማቱን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም። ይበልጥ የሚቀንሱት አሲቴሌሽንና ሲሌን የተባሉት ሕክምናዎች ናቸው፤ ወጪያቸው ግን ለትንሽ ወርክሾፕ አይቀመስም። ከዚያ ይልቅ መካከሉን ሲሳል፣ ከላይና ከታች ያለውን ንብር ፋይበር ግላስ አድርጎ መሥራት በአገር ውስጥ ገበያ በሚገኝ ዕቃ የሚቻል ነው።

ሲሚንቶ ውስጥ የገባ ቃጫስ?

ሲሚንቶ ውኃ ስለማይፈራ ቃጫውንም የሚጠብቀው ይመስላል። ነገሩ ተቃራኒ ነው። በሲሚንቶ ቀዳዳዎች ውስጥ ያለው ውኃ የአልካሊነቱ መጠን በፒኤች 12.5 እና ከዚያ በላይ ስለሆነ ሊግኒኑንና ሄሚሴሉሎሱን ቀስ በቀስ ያሟሟል፤ ካልሲየም ሃይድሮክሳይዱ ደግሞ በቃጫው ባዶ ክፍሎች ገብቶ ይጋገራል። ይህንንም የሚያፋጥነው የመራስና የመድረቅ ዑደት ነው፤ ውኃው በገባና በወጣ ቁጥር አዲስ አልካሊ ይዞ ይገባል። ሲሳል የገባበት የጣሪያ ክዳን አዲስ ሳለ ሲመታ የማይሰበር ሆኖ፣ ከዓመታት በኋላ እንደ ሸክላ የሚሰበረው በዚህ ምክንያት ነው።

ካልሲየም ሃይድሮክሳይዱን የሚበላ ፖዞላና፣ ማለትም እንደ እሳተ ገሞራ አመድ ያለ ዱቄት፣ ያለበት ሲሚንቶ ሂደቱን ያዘገየዋል፤ ስለዚህ ለዚህ ሥራ ከተራው ሲሚንቶ (ኦፒሲ) ይልቅ ፖዞላና ያለበት (ፒፒሲ) ይመረጣል። ሙሉ መፍትሔ ግን አይደለም። በጭቃ ምርጊት ውስጥ ያለው የጤፍ ጭድ ይህ ችግር የለበትም፤ ጭቃው ያን ያህል አልካሊ የለውም፤ ግድግዳው ከዝናብ እስከተጠበቀ ድረስ ጭዱ ወርቃማ መልኩን ሳይለቅ ለብዙ ዓመታት ይኖራል።

ሻጋታና ብስባሽ መቼ ያሰጋሉ?

የቃጫው እርጥበት ከ20 በመቶ በታች እስከሆነ ድረስ እንጨት አብስባሽ ፈንገሶች አይሠሩም። ከዚያ በላይ ሲሆን፣ በተለይ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ባለው ሙቀት፣ ይስፋፋሉ። በገጹ ላይ የሚታየው ጥቁር ነጠብጣብ ብቻውን ጥንካሬን ላይጎዳ ይችላል፤ ሆኖም እርጥበቱ እዚያ ደረጃ አካባቢ መድረሱን ስለሚናገር ውኃው የሚገባበትን ቦታ መፈለግ ይገባል።

ፀሐይስ?

ሊግኒን የፀሐይን አልትራቫዮሌት ጨረር ስለሚቀበል ይፈርሳል፤ ገጹ ይነጣል፣ ዝናቡም የፈረሰውን አጥቦ አዲስ ቃጫ ያጋልጣል። ጨረሩ በየ1,000 ሜትር ከፍታ 10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር ደጋው ቀዝቃዛ ነው ተብሎ ችላ ሊባል አይገባም። ቀለም የገባበት ሽፋን፣ ብርሃን ከሚያሳልፈው ቫርኒሽ ይሻላል።

ላቦራቶሪ ሳይኖረኝ እንዴት ልፈትን?

አንድ ጥሩ ሚዛን፣ የወርቅ ሠሪዎቹ ዓይነት፣ ካለ ብዙ መሥራት ይቻላል። ኤኤስቲኤም ዲ 570 እና አይሶ 62 የተባሉት መለኪያዎች የሚከተሉት መሠረታዊ አካሄድ ቀላል ነው፦ ቁራጩን በ50 ዲግሪ ለ24 ሰዓት አድርቆ መመዘን፣ በ23 ዲግሪ ውኃ ለ24 ሰዓት መዘፍዘፍ፣ ገጹን በጨርቅ ጠርጎ ወዲያው መመዘን። ለምሳሌ ደረቁ 40.0 ግራም፣ እርጥቡ 43.6 ግራም ቢመዝን፣ ልዩነቱ 3.6 ግራም ለ40 ሲካፈል 9 በመቶ ይሆናል። እንደገና ደርቆ ሲመዘን 39.6 ግራም ከሆነ ደግሞ 0.4 ግራም፣ ማለትም 1 በመቶ፣ ሟሙቶ ወጥቷል፤ ስለዚህ በእውነት የጠጣው ውኃ 10 በመቶ ነበር። ይህን ሁለተኛ ምዘና ብዙዎች ይዘሉታል።

አንድ ቀን መዘፍዘፍ ግን ስለ ዕድሜ የሚናገረው ጥቂት ነው። እኛ የምንመክረው መፈራረቁን መኮረጅ ነው፤ ከአንድ ሰሌዳ የተቆረጡ እኩል ቁራጮችን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን በደረቅ ቦታ ማስቀመጥ፣ ግማሹን አንድ ቀን እየዘፈዘፉ አንድ ቀን እያደረቁ ደጋግሞ ማመላለስ። በመጨረሻ ሁለቱንም በደንብ አድርቆ፣ በሁለት ድጋፍ ላይ አጋድሞ፣ እኩል ክብደት ከመካከላቸው አንጠልጥሎ ምን ያህል እንደሚለመጡ በማስመሪያ መለካት፣ ከዚያም እስኪሰበሩ መጫን። ደርቆም ከጓደኛው ያነሰ የሚሸከም ከሆነ የጠፋው ትስስር ያ ነው። የተሰበረበትንም ቦታ መመልከት ይጠቅማል፤ ቃጫዎቹ ተበጥሰው ሳይሆን ንጹሕ ሆነው ተመዝዘው ከወጡ ሬዚኑ ለቋቸዋል።

ውጤት ለማፋጠን በሚፈላ ውኃ መቀቀልም የተለመደ ነው። በዚህ ጊዜ ደሴ ላይ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ፣ ኮምቦልቻ ላይ በ94 ዲግሪ ገደማ መሆኑን መዘንጋት አይገባም፤ ውጤቱን በ100 ዲግሪ ከተገኘ ሰንጠረዥ ጋር ማወዳደር ያሳስታል። ከዚያም በላይ የተቀቀለ ሬዚን ከመለስለሻ ደረጃው በላይ ስለሚሆን፣ በተራ አገልግሎት ፈጽሞ በማይደርስበት መንገድ ሊበላሽ ይችላል። መቀቀል መጥፎውን ከደህናው ለመለየት ይሁን እንጂ ዕድሜ ለመተንበይ አይሁን።

ታዲያ ለየትኛው ዕቃ ይሆናል?

ለቤት ውስጥ በር፣ ለክፍልፋይ፣ ለወንበር መደገፊያ፣ ለተሽከርካሪ የውስጥ ሽፋን በደንብ ይሆናል። የአውሮፓ መኪና አምራቾች የተልባና የጁት ቃጫን በብዛት የሚጠቀሙት በበር የውስጥ ሽፋን ላይ መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም። ለውኃ ታንከርና ለመታጠቢያ ቤት ወለል አንመክርም። ሰው ለሚቆምበት ወይም ሲወድቅ ሕይወት ለሚያሰጋ መሸከሚያም እንዲሁ።

ከቤት ውጭ ፈጽሞ አይሆንም ማለት ግን አይደለም። በቀድሞዋ ምሥራቅ ጀርመን ከ1957 እስከ 1991 እ.ኤ.አ. የተመረተው ትራባንት መኪና የአካሉ ሽፋን የጥጥ ቃጫ በፊኖሊክ ሬዚን ተይዞ በሙቀትና በከባድ ግፊት የተጠፈጠፈ ነበር፤ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚዝገው ሽፋኑን የያዘው ብረት ነው። ያን ያቆየው ግፊቱ የአየር ፊኛ እንዳይቀር ማድረጉና ሬዚኑ በሙቀት እስከ መጨረሻው መጠንከሩ ነው። በእጅ ብሩሽ ተቀብቶ በብርድ የደረቀ ሰሌዳ ይህን ዕድሜ ሊጠብቅ አይችልም።

ጠርዙ ያበጠ ሰሌዳ ይጠገናል?

እብጠቱ በጠርዙ ብቻ ከሆነ ይጠገናል። በመጀመሪያ ውኃው የሚመጣበትን ምክንያት ማስወገድ፣ ከዚያ ሰሌዳውን ነቅሎ በጥላ፣ አየር በሚያገኝበት ቦታ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም ድረስ ማድረቅ ያስፈልጋል፤ በየሁለት ቀኑ መመዘን ከግምት ያድናል። ያበጠው ክፍል ጠንካራ ቁስ እስኪገኝ ድረስ በመጋዝ ተቆርጦ ይወገድ፤ አዲሱ ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ፣ ቀጠን ባለ ሬዚን ሁለት ጊዜ ይቀባ፤ የመጀመሪያው ቅብ ወደ ቃጫዎቹ ጫፍ ስለሚጠጣ ሁለተኛው አይቀሬ ነው። የሚስማር ቀዳዳዎቹም ሚስማሩ ከመመለሱ በፊት በዚያው ሬዚን ይሞሉ። ሰሌዳው ሳይደርቅ ማሸግ ግን ካለማሸግ የባሰ ነው፤ ውኃውን ከውስጥ ይዘጋበታልና በሚቀጥለው ግንቦት ሙቀት ሽፋኑ ተላጦ ይነሣል። መካከሉ ያበጠ ወይም በጣት ሲመታ የታፈነ ድምፅ የሚሰጥ ሰሌዳ በውስጡ ተለያይቷል፤ ለእርሱ ሬዚን ማባከን አያስፈልግም።